ያላመመው ስብራት

እትዬ የወደቀችው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ውሃ ስለመጣ።

ጎንደር የኖረ ሰው ለዚች ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ አይጠይቅም። ለሌላው ልንገረው፦ እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ እሱም ሰው በተኛበት። ቧንቧው አየር ሲተፋ የሰማ ተነስቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይደረድራል። ያልሰማ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ይለምናል። እትዬ ደግሞ ያንን ድምፅ ሰምታ ሳትነሳ ያደረችበት ሌሊት የለም።

የእናቴ ታላቅ እህት ናት፣ 63 ዓመቷ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ትሸጣለች። ስኳር እንዳለባት ካወቀች 14 ዓመት ሆኗታል፤ ዓይነት 2 የሚባለው ነው። እኔ ነርስ ነኝ፤ ግን የምሠራው ከከተማ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ስለሆነ ቤት የምገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ይህንን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። "ስሜን አታውጣው እንጂ ጻፈው፤ ሌላው እንደኔ እንዳይጃጃል" ነው ያለችኝ።

ስኳር ዓይን እንደሚያጠፋ፣ ኩላሊት እንደሚጎዳ፣ እግር እንደሚያስቆርጥ ሁሉም ሰው ሰምቷል። አጥንት ላይ ስለሚያደርገው ነገር ግን ቀጠሮ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለታካሚዎቼ አንስቼላቸው አላውቅም ነበር።

ሌሊት 9 ሰዓት

ወሩ መጋቢት ነው፣ ዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። የነፍስ አባቷ "አንቺ መድኃኒት የምትወስጂ ሰው ነሽ፣ አትጹሚ" ብለዋታል፤ ያውም ደጋግመው። እሷ ደግሞ "55 ቀን ምን አላት" ትላለች። ከቅዳሴ መልስ ቀን 9 ሰዓት ላይ ትበላለች። ክኒኖቿን ግን እንደታዘዘላት ጠዋትና ማታ ትውጣለች፣ አንድም ቀን ሳትዘል። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ።

ጣጣው ሁለተኛው ላይ ነው። ግሊቤንክላማይድ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት "ኢንሱሊን አውጣ" ብሎ ያስገድዳል፤ ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠይቅም። ውጤቱም ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ዕድሜ ሲገፋና ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ይብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ራሱ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው እንደማይስማማ ጽፎበታል። ያን ዕለት ማታ እትዬ "አልራበኝም" ብላ ሽሮ በአንድ ሁለት ጉርሻ ቀመሰች፣ ክኒኗን ዋጠች፣ ተኛች።

ቧንቧው ሲያፏጭ ስትነሳ ላብ ላብ ብሏታል። እጇ ይንቀጠቀጣል። ብርድ መሰላት። ጀሪካን አንስታ በጓዳ በኩል ወደ ግቢ ስትወጣ ደፉ ላይ ነጠላ ጫማዋ ተጠመዘዘና በቀኝ በኩል ተቀመጠች፤ "ወደቅኩ" እንኳን አትልም፣ "ተቀመጥኩ" ነው የምትለው። የልጅ ልጇ ነቅታ ለድንጋጤ ብላ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣቻት። ልጅቷ ሳታውቀው ትክክለኛውን መድኃኒት ሰጠቻት፤ ላቡም መንቀጥቀጡም ወዲያው ቆመ። በመሣሪያ የለካት ስለሌለ ስኳሯ ስንት እንደነበር አይታወቅም፤ ምልክቱን ሲሰሙ ግን ሐኪሙም እኔም ስኳር ወርዶባት ነው አልን።

አሁን ልብ በሉ፣ የወደቀችው ከደረጃ አይደለም፣ ከባጃጅም አይደለም። ከቁመቷ ነው። የአጥንት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ጤነኛ አጥንት ሰው ከቆመበት ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ችሎ ያልፋል።

አራት ቀን በእግሯ

በማግስቱ ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። "ወለምታ ነው" አለች፣ ቅቤ ቀባችው፣ በጨርቅ ጠምጥማ ገበያ ወረደች። በእግሯ! በርበሬ የምትገዛበት ሳምንት ነበር። እኔ ጋ ደውላ ስለ በርበሬ ዋጋ ስታማርር እግሯን አንስታልኝ አታውቅም። ለምን ታንሳው? አላመማትም።

በሁለተኛው ቀን ልጇ በግድ አንድ ክሊኒክ ወስዷት ነበር። እዚያ ያያት ባለሙያ "እየተራመደች አይደል የመጣችው? የተሰበረ እግር እንዲህ አይሄድም" ብሎ ማስታገሻ መርፌ ወግቶ መለሳት፤ ዳይክሎፌናክ። ራጅ አላዘዘም። ልወቅሰው እችል ነበር፣ ግን እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው። ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ በ1992 ካናዳ ኦታዋ ላይ የወጣ የታወቀ መመሪያ አለ፣ አራት እርምጃ መራመድ የቻለና አጥንቱን ስትጫነው ያላመመው ሰው ራጅ አያስፈልገውም የሚል። ጥሩ መመሪያ ነው፣ ብዙ አላስፈላጊ ራጅ አስቀርቷል። ነገር ግን የእግሩ ስሜት ለቀነሰ ሰው እንደማይሠራ አብሮ ይነገራል፤ ተማሪ ሆነን ይቺን ነው የምንረሳት። ዳይክሎፌናኩም ቢሆን 14 ዓመት ስኳር ያየው ኩላሊት ላይ ባይጨመር ይመረጥ ነበር። ማስታገሻ ለማያማት ሰው ምኑን ሊያስታግስ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን እብጠቱ አልጎድል ሲል ጎረቤት ወጌሻ ጠራላት። በሙያቸው የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም ልጅ ሆኜ የወለቀ ክንዴን የመለሱልኝ እሳቸው ናቸው። አሹ፣ ሳቡ፣ በቀርከሃ ደግፈው ጠፍረው አሰሩ።

መቀስ

ቅዳሜ ስገባ ቡና እያፈላች ነው። እግሯን ዘርግታ በርጩማ ላይ አድርጋዋለች። ከጨርቁ ጫፍ ብቅ ያሉትን ጣቶቿን አየኋቸው፤ ትንሿ ጣት እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁራለች። ጫን አድርጌ ለቀቅኩት፣ ቀለሙ አልመለስ አለ።

"እትዬ፣ ይሄ አያምሽም?"

"ምንም። ሞቅ ይለኛል እንጂ።"

መቀስ አስመጣሁ። ማሰሪያው ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የመቀሱን ደፍጣጣ ጎን ከሥሩ ለማስገባት ቆዳዋን መቆንጠጥ ነበረብኝ። እሷ ግን ከልጅ ልጇ ጋር ስለ ፈንዲሻው ማረር እያወራች ነው። አራቱ የቀርከሃ ቁርጥራጮች ሲነሱ በየቦታቸው ቦይ ትተው ሄዱ። በውጪ በኩል ያለው ቦይ ላይ ቆዳው ተነስቶ ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱ ፈንድቶ ጨርቁ ላይ ተጣብቋል። ጨርቁን ላጥ ሳደርገው ቀና ብላ አላየችኝም።

ቦርሳዬ ውስጥ የእግር ስሜት የምንለካበት የናይለን ክር አለ። 10 ግራም ጉልበት ሲያርፍበት የሚታጠፍ ቀላል ነገር ነው። ዓይኗን እንድትጨፍን አድርጌ ውስጥ እግሯን ስነካት "አሁን" በይኝ አልኳት። አውራ ጣት ሥር ነካሁ፣ ዝም። ተረከዝ ነካሁ፣ ዝም። ሌሎች ሦስት ቦታ ሞከርኩ። ትንሽ ቆይታ "ጀምር እንጂ ልጄ፣ ቡናው ሊገነፍል ነው" አለችኝ።

ጨርሼ ነበር።

ይቺን ቅጽበት እስካሁን አልረሳትም። በየሦስት ወሩ ስኳሯን የምታስለካ ሰው ናት። እግሯን ጫማ አስወልቆ በዚያች ክር የነካት ሰው ግን አልነበረም። እኔም ቤተዘመዷ፣ ክሯ ቦርሳዬ ውስጥ እያለች።

ራጁ

ባጃጅ ጠርተን ሆስፒታል ወሰድናት። ራጁ ላይ የቁርጭምጭሚቷ ውጪኛውም ውስጠኛውም አጥንት ተሰብሯል፤ መገጣጠሚያው ከቦታው ተንሸራቷል። ይህንን እግር ነው ለአንድ ሳምንት የረገጠችበት። ስኳሯ 286፣ የሦስት ወሩ ስኳር ማለትም ኤችቢኤዋንሲ 10.1 ሆኖ መጣ። ልብ አድርጉ፤ ያን ሌሊት ወርዶባት የወደቀችው ሰው አማካይ ስኳሯ ግን በጣም ከፍተኛ ነው። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ሰው ግን "ስኳርሽ ወረደ" ሲባል "እሰይ" ብሎ ያልፋል።

የአጥንት ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አቅርቦ ጣቱን ከአጥንቱ ውጪ ወዳለ ቦታ አሳየኝ። እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ነጫጭ መስመሮች አሉ። የደም ቧንቧዋ ግድግዳ ነው፤ ካልሲየም ለብሶ እንደ አጥንት ነጭ ሆኖ ወጥቷል። "እዚህ ባይኖር የምንመርጠው ካልሲየም ግን እዚህ አለ" አለና ሳቀ። መራራ ቀልድ ነው። ብዙ ዓመት ስኳር የቆየበት ሰው እግር ላይ ይህ የተለመደ ነው።

ወዲያው አልተሠራላትም። ቆዳው ውሃ ቋጥሮ፣ ስኳሯ እንደዚያ ሆኖ ቢከፈት ቁስሉ እንደሚያመረቅዝ ግልጽ ነበር። ክኒኑ ቆሞ ኢንሱሊን ተጀመረላት፣ እግሯ ከፍ ተደርጎ እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው እስኪሸበሸብ 11 ቀን ተጠበቀ። ከዚያ በብረትና በብሎን ታሰረ። ትንሿ ጣቷ ተርፋለች፤ ጥፍሯ ብቻ ወልቆ ሄደ።

ጠፍር

ሐኪሙን አንድ ነገር ጠየቅኩት። መቼም ነርስ ሐኪም መጠየቅ አይፈራም፤ እኔ ግን አፍሬ ነበር፣ ማወቅ የሚገባኝ ስለመሰለኝ። "ወፍራም ሴት ናት፣ ወተትም ጎመንም ትወዳለች፣ አጥንቷ ለምን እንዲህ በቀላሉ?" አልኩት።

የነገረኝን በራሴ ቋንቋ ላስረዳ። አጥንት ድንጋይ ይመስለናል። ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ድንጋይነቱን ይሰጡታል፤ በውስጡ ግን ኮላጅን የሚባል የፕሮቲን ገመድ አለ። አጥንት ሲመታ ትንሽ እንዲለጠጥና እንዲመለስ የሚያደርገው እሱ ነው። የአያቴ የጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ። ጠፍር ደህና ሳለ ሰው ሲተኛበት ረገብ ይላል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ዓመት በዓመት ጭስና ሙቀት ሲያገኘው ይደርቃል። ውፍረቱን ብትለካው ያው ነው፤ ግን አንድ ቀን ልጅ ሲዘልበት ቀጭ ይላል። ደም ውስጥ የበዛ ስኳር ኮላጅኑን የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ፕሮቲኑ ላይ ይለጠፋል፣ ሲቆይ ገመዶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ መለጠጥ ያቅታቸዋል።

ኤችቢኤዋንሲ የምንለው ምርመራ ራሱ ይህንኑ መለጠፍ ነው የሚለካው፣ ቀይ የደም ሴል ላይ። ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ስለሚሞት ውጤቱ ከሦስት ወር ያለፈውን ታሪክ ያጠፋዋል። አጥንት ግን እንደዚያ ቶሎ አይታደስም። የትልቅ ሰው አጥንት ታድሶ ለማለቅ ወደ 10 ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ እትዬ ከአምስት ዓመት በፊት ለሁለት ወር መድኃኒት ያቋረጠችው፣ የልጇ ሠርግ ሰሞን ያለ ልክ የጠጣችው ለስላሳ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ተጽፏል። (ለስላሳውን አልካደችም። "ሠርግ ነዋ!" ነው ያለችው።)

እድሳቱም ራሱ ይዘገያል። አጥንት ውስጥ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች አሉ፤ ስኳር ሲበዛ በተለይ ገንቢዎቹ ይሰንፋሉ። በየዕለቱ ስንራመድ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስንጥቆች ሳይጠገኑ ይከማቻሉ። ሽንት ሲበዛ ደግሞ ካልሲየሙም አብሮ ይፈስሳል።

ብዙ ጊዜ ከልጅነት የሚጀምረው ዓይነት 1 ላይ ነገሩ ከዚህ የባሰ ነው፤ ኢንሱሊን ራሱ አጥንት ለመገንባት ያግዛል፣ እነሱ ደግሞ አጥንታቸው ገና ሳይጠግብ ነው የሚያጡት። የዳሌ አጥንት የመሰበር አደጋቸው ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዓይነት 2 ጭማሪው አነስ ይላል፣ ግን አለ። ይህንን ሳውቅ ጤና ጣቢያዬ የሚመጡት ከገጠር ኢንሱሊን ሊወስዱ በእግራቸው የሚጓዙ ቀጫጭን ወጣቶች መጡብኝ። ስንቱን "እግርህን ጠብቅ" ብዬዋለሁ፤ አጥንቱን ግን አንስቼለት አላውቅም።

ጥሩ የመጣ ውጤት

አዲስ አበባ የሚኖር ሌላ ልጅ አላት። ቆይቶ፣ ጀሶው ከወጣ በኋላ፣ እዚያ ወስዶ የአጥንት ጥግግት አስለካት። ዴክሳ የሚባለው ምርመራ ነው። ቲ ስኮሯ፣ ማለትም ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር የተነጻጸረው ውጤቷ፣ ከዜሮ በታች 0.8 መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ የአጥንት መሳሳት የሚባለው ከዜሮ በታች 2.5 ሲደርስ ነው። የእትዬ እንግዲህ ደህና ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው፣ ልጇም "አጥንትሽ የወጣት ነው" ብሎ በስልክ ነገረኝ።

አያድርስ እንዲህ ያለ ደስታ። ዴክሳ የጠፍሩን ውፍረት ነው የሚለካው። ድርቀቱን አያይም። ዓይነት 2 ያለባቸው ሰዎች፣ በተለይ ወፈር ያሉት፣ ጥግግታቸው ደህና፣ እንዲያውም ከሌላው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ስብራታቸው ግን ይበዛል። ሐኪሞች ቀድመው የሚያውቁት እንቆቅልሽ ነው። የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 ያወጣው ፍራክስ የሚባል የስብራት ማስያ አለ፤ የዕድሜና የክብደት ቁጥር ትሞላለህ፣ የ10 ዓመት አደጋህን ይነግርሃል። ዓይነት 2 ስኳር በጥያቄዎቹ ውስጥ ስላልገባ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ማስያውን ለማታለል "የሩማቶይድ አንጓ ብግነት አለው" የሚለውን ሣጥን ያመለክቱበታል። በሽታው የለም፣ ግን ቁጥሩ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ሳቅ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ደግሞ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ቁርጭምጭሚት ከዳሌና ከአከርካሪ ጋር እኩል የአጥንት መሳሳት ስብራት ተብሎ አይቆጠርም። ወፍራም ሰውና ስኳር ያለበት ሰው ላይ ይበዛል እንጂ። ሐኪሟም የአጥንት ማጠንከሪያ ክኒን ለጊዜው አላዘዘላትም። "የሚቀጥለው መውደቅ እንዳይመጣ እንሥራ" ነው ያለው።

12 ሳምንት

ስኳር የሌለበት ሰው እንዲህ ያለ ስብራት ሲሰበር 6 ሳምንት ያህል ሳይረግጥ ይቆያል። ለእትዬ 12 ተባለ። ነርቩ ለተጎዳ ሰው ጊዜውን እጥፍ ማድረግ የተለመደ ነው፤ አጥንቱ ቀስ ብሎ ነው የሚገጥመው፣ በዚያ ላይ ደግሞ የሚከለክለው ነገር የለም። ሌላው ታካሚ ቶሎ ቢረግጥ ሕመሙ ጮሆ ይመልሰዋል። እሷን ማን ይመልሳት?

የአርባ ዘመን ልማድ ያላት ሴት አልጋ ላይ 12 ሳምንት አስቡት። ፋሲካን በክራንች ነው ያሳለፈችው። ዶሮውን እሷ ካልሠራችው አልቀምስም ብላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች፣ ያ ይሁን። ነገር ግን ሰው ዞር ሲል ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፋ በእግሯ ትሄድ እንደነበር ያወቅነው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። በክረምት ጫፍ፣ ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ እግሯ እንደገና አበጠ። ቀላ። እንደለመደችው አላመማትም።

የሰፈሩ ሰው "ቁስሉ አመርቅዞ ነው" አለ። አንዷ "ሪህ ነው" አለች። እኔ የእጄን ጀርባ በቀኙ ከዚያ በግራው ላይ አሳረፍኩ፤ ቀኙ ግልጽ ሆኖ ይሞቃል። ትኩሳት የላትም፣ ቁስሉም ደርቋል። በዚያች ሰዓት ሆዴ ቦጭ አለ፤ ሻርኮ እግር የሚባለውን ነው የጠረጠርኩት። ስሙ ዣን ማርታን ሻርኮ ከተባለ የፈረንሳይ የነርቭ ሐኪም የመጣ ነው። በ1868 ቂጥኝ ነርቫቸውን በጎዳባቸው ሰዎች ላይ መገጣጠሚያ ሳያም ሲፈርስ አይቶ ጻፈው፤ ከስኳር ጋር መያያዙ የተጻፈው በ1936 ነው። ስሜት የሌለው እግር ይጎዳል፣ ባለቤቱ ይረግጠዋል፣ ይቆጣል፣ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ አሁንም ይረግጠዋል። ካልተደረሰበት የውስጥ እግሩ ቅስት ወድቆ እንደ ጀልባ ሆድ ወደ ታች ይወጣል፤ ከዚያ ቁስል፣ ከዚያ መቆረጥ። ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ እየተሰጠ ወራት ያልፋል።

በማግስቱ ሐኪሙ ጋ ደረስን። ራጁ ላይ ገና የፈረሰ ነገር የለም፤ ሙቀቱ ግን በመለኪያ ከሌላው እግር ከ2 ዲግሪ በላይ ይበልጥ ነበር። እስከ ጉልበት ድረስ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም ጀሶ ተደረገላት፤ ቆዳው እንዳይላጥ በየሳምንቱ እየተከፈተ የሚቀየር። ሐምሌ ማብቂያ ላይ የሁለቱ እግሮች ሙቀት እኩል ሆነ። የጎንደር ኮብልስቶን በክረምት ዝናብ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ፣ ቤት መዋሏ ራሱ አንድ በጎ ነገር ነበር።

መሃል ላይ አንድ ነገር ተገኘ። ነርቧን ስኳር ብቻ እንዳልጎዳው ሐኪሙ ጠርጥሮ የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ አዘዘ፤ በጣም ዝቅ ብሎ መጣ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቢ12 እንዳይሰርግ ያደርጋል። ቢ12 ደግሞ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው፤ አጥብቆ የሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ እነዚህን አይቀምስም። እኛ አገር ይህንን ምርመራ በየጊዜው ማዘዝ የነበረብን ይመስለኛል። መርፌው ተጀምሮላታል፤ የሞተው ነርቭ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽም።

ወጌሻው

መስከረም ላይ ወጌሻውን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። ልጨቃጨቅ አልነበረም አካሄዴ፣ ግን ትንሽ ተቆጥቼ ነበር፤ የጣቷን ፎቶ በስልኬ ይዣለሁ። አዩት። ብዙ ዝም አሉ።

"እኔ የማስረው በሰው ማቃሰት ነው" አሉኝ። "ሲያቃስት አላላለሁ። እሷ ሳቀችብኝ እንጂ አላቃሰተችም። ስለዚህ ጠበቅ አደረግኩት።"

የያዝኩት ቁጣ የት እንደገባ አላውቅም። ክሊኒኩ በሕመም ነበር የመዘናት፣ ወጌሻው በሕመም ነበር ያሰሯት፣ እሷም "ካላመመኝ ምን አለበት" ብላ በተሰበረ እግር ገበያ ወረደች። ሁላችንም የተመካነው በአንድ ዘበኛ ላይ ነበር፤ ዘበኛው ከሞተ ቆይቷል። ወጌሻው ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣባቸው ከማሸታቸው በፊት "ስኳር አለብህ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ አለብኝ ካለ ሳይነኩ "ራጅ ተነስተህ ና" ይሉታል። ሁለት ሰው እኔ ጋ ልከዋል። አንዱ እውነትም ተሰብሮ ነበር።

አሁን

ቤቱ ውስጥ የተለወጠው ነገር ብዙ አይደለም። ግሊቤንክላማይዱ ቀርቷል፤ ኢንሱሊንና ሜትፎርሚን ላይ ናት፣ ኢንሱሊኑም ሊጥላት ስለሚችል አልጋዋ አጠገብ ከረሜላ በጣሳ ይቀመጣል። ልጆቹ ከጣሳው እየሰረቁ አስቸግረዋል። ደፉ ላይ መብራት ገብቷል። ሌሊት ለሽንት ግቢ እንዳትወጣ ፖፖ ተገዝቷል፤ መጀመሪያ ተቀይማ ነበር። ነጠላ ጫማው ተጥሎ ከኋላ የሚያዝ ጫማ ታደርጋለች። ውሃ ሲመጣ የምትሰማው አሁንም እሷ ናት፤ ግን ተኝታ ትጣራለች፣ የልጅ ልጇ ትነሳለች። ጾሙን በተመለከተ ከነፍስ አባቷ ጋር ሆነን ሦስት ጊዜ አነጋግረናታል፤ የነቢያት ጾም እየመጣ ነው፣ እናያለን።

ማታ ማታ ደግሞ ሁለቱን እግሮቿን በእጅ ጀርባ መንካት አለባት፣ ቀኙ ከግራው ይሞቅ እንደሆነ። ባለፈው ሐሙስ ደወለች።

"ልጄ፣ ሞቀብኝ።"

"የቱ?"

"የተሠራው። ቀኙ። በደንብ ነው የሞቀው።"

ፈረቃዬን ለጓደኛ ሰጥቼ በመጣችው ሚኒባስ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ራጁን፣ ጀሶውን፣ ሌላ 12 ሳምንት እያሰብኩ ነው። ስደርስ የኅዳር ብርድ ነው፣ እትዬ ጓዳ ተቀምጣ ቡና ትቆላለች፣ ቀኝ እግሯን ከከሰል ምድጃው አንድ ስንዝር እርቀት ላይ ዘርግታዋለች። ካልሲዋ ጫፉ ላይ ቡናማ ሆኗል።

ምድጃውን ወደ በሩ ገፋሁት፣ ካልሲውን አወለቅኩ፣ እግሯን ዳበስኩ። ቆዳው ደህና ነበር። ሩብ ሰዓት ጠብቀን እንደገና ነካሁት፤ ሁለቱም እኩል ቀዝቅዘዋል።

"ታዲያ ከመጣህ ቡናውን ጠጣ" አለችኝ።